አባቴ የተወልኝን ቮልስ ወደ አዲስ አበባው የአሮጌ መኪኖች ስብሰባ ነድቼ ልሂድ ወይስ አስጭኜ?

ቡና አበጣሪው፦

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ምክር ፈልጌ ነው የምጽፈው፤ ነገሩን በሚገባ እንድትረዱልኝ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ላቅርበው።

የምኖረው ጅማ ነው። አባቴ ከማረፉ በፊት ያስረከበኝ ቮልስ 1300 አለችኝ። ከኋላ ወንበር ሥር፣ በሻንሲው መሐለኛ ጀርባ ላይ የተመታው ቁጥር በ118 ይጀምራል። 11 የመኪናው ዓይነት፣ 8 ደግሞ የሞዴሉ ዓመት መለያ ስለሆነ የ1968 እ.ኤ.አ. ሞዴል ናት ማለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. መጨረሻ ወይም በ1960 ዓ.ም. ከፋብሪካ የወጣች።

ይህች መኪና በሸራ ተሸፍና የምትቀመጥ ጌጥ አይደለችም። ዘወትር ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት አስነስቼ፣ ሁለቱን ልጆቼን ፈረንጅ አራዳ አጠገብ ትምህርት ቤታቸው አድርሼ፣ ወደምሠራበት ቡና ማበጠሪያ እሄድባታለሁ። ቡና በሚለቀምበት ወቅት ደግሞ በየሳምንቱ አጋሮ ደርሳ ትመለሳለች፤ የኋላ ወንበሯ ላይ የናሙና ከረጢት ያልተጫነበት ሳምንት አላስታውስም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጎማዎቹ ጀርባ የተጋገረውን ቀይ ጭቃ በእንጨት ፍቄ በውኃ አጥባታለሁ። ባለቤቴ ይህን ሰዓት «የቮልስ ሰዓት» ትለዋለች፤ ለእኔም ከሳምንቱ ሁሉ የማርፍበት ሰዓት እሱ ነው።

የጅማን ዝናብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በልግና ክረምት ተያይዘው ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ያዘንባል። ከሁለት ዓመት በፊት ከበሮቹ ሥር ያለው ላሜራ መዛግ ሲጀምር አንድ ጋራዥ ወስጄ ነበር። አሳምረው መለሱልኝ፤ ቀለሙም እንደ አዲስ ያበራ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ግን ከግራ በር ሥር ቀለሙ እየነፋ መጣ። በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ሳደርገው፣ ከፊት በኩል ጥርት ያለ የብረት ድምፅ ሲሰጥ ወደ ኋላ ስጠጋ ድፍን ብሎ ቀረ። ጫፉን ገፋ ሳደርገው ካቻቢቴው ሰጥሞ ገባ፤ ውስጡ የቡና ገለባ የሚመስል ዝገትና ጣት የሚያህል ስቱኮ ነበር። ላሜራው አልተቀየረም፤ ተሸፍኖ ነው የኖረው።

አምና በአዲስ አበባ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች እሁድ ጠዋት ሲሰባሰቡ በአውቶቡስ ሄጄ ተመልክቻለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሳቤ ሁሉ በራሷ በአባቴ ቮልስ መሄድ ነው። የሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት ወር ገደማ ቀርቶታል። የሥራ ባልደረቦቼ «350 ኪሎ ሜትር በዚህች መኪና? አይሱዙ ላይ አስጭናት» ይሉኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ነድቼ ብሄድ የጊቤን በረሃ ትችለዋለች? ደግሞስ ከመሄዴ በፊት ቀለም ላስቀባት ወይስ እንዳለች ትሂድ?


የሂርማታው መካኒክ፦

ልጄ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ እዚያው ጅማ ሂርማታ ከ40 ዓመት በላይ በመካኒክነት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ አሁን ሥራውን ለልጆቼ ትቼላቸዋለሁ። ከእጄ ያለፉትን ቮልሶች ቆጥሬ አልጨርሳቸውም።

በእኔ በኩል መልሱ ንዳት ነው። በየሳምንቱ አጋሮ ደርሳ የምትመለስ መኪና አታሰጋኝም፤ እኔን የሚያሰጋኝ ዓመቱን ሙሉ ቆማ ለስብሰባ ብቻ የምትወጣዋ ናት፤ የቆመች መኪና ጎሚኒዋ ይደርቃል፣ ነዳጇ ካርቡራቶሩ ውስጥ ይረጋል፣ ፍሬኗም ይያያዛል። ነገር ግን የአዲስ አበባ መንገድ የአጋሮ መንገድ አይደለምና እንዲሁ ተነሥተህ አትሂድ።

ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሰኮሩን ያለ ችግር ታልፋለህ። ከዚያ መንገዱ ወደ ጊቤ ወንዝ ይወርድና ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ድልድዩን ታገኛለህ። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ አትውረድ፤ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዝልህ። የአራቱም እግሮችህ ፍሬን ታምቡር ነው፤ ታምቡር ከጋለ ፔዳሉን ብትረግጠውም አይዝልህም። ዋናው ፈተና ግን ከድልድዩ ወዲያ ወደ ወልቂጤ የሚወስደው ዳገት ነው። የቮልስ ሞተር ውኃ የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በነፋስና በዘይት ነው፣ ነፋሱን የሚሰጠው ማራገቢያም የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ልክ ነው። ስለዚህ በአራተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ ሞተር ጭነቱ ከብዶበት ነፋሱ ያንስበታል። ሦስተኛ ላይ አድርገህ ድምፁ እየዘፈነ ይውጣ። ብዙ ሰው ድምፁን ሲሰማ ያዘነለት መስሎት ማርሽ ይጨምራል፤ የሚገድለውም ይኸው ነው። ጎህ ሲቀድ ከጅማ ብትነሣ በረሃውን ፀሐይ ሳይከር ታልፈዋለህ።

ዲናሞውንና ማራገቢያውን የምታዞረው አንዲት ቺንጊያ ናት። በመንገድ ላይ ቀዩ የዲናሞ መብራት ከበራ ባትሪው አይሞላም ብለህ ብቻ አትለፈው፤ ሞተሩ ነፋስ አጥቶ ይሆናል። ያኔውኑ ዳር ይዘህ አጥፋ፣ «ወልቂጤ እስክደርስ» አትበል። በአውራ ጣትህ ስትጫናት አንድ ሴንቲ ተኩል ገደማ መርገብ አለባት። ማጥበቂያዋና ማላያዋ በዲናሞው ፑሌጃ መካከል የሚደረደሩት ቀጫጭን ቀለበቶች ናቸው፤ ቤትህ ደጃፍ ሆነህ አንድ ጊዜ ፈትተህ ግጠማት። በረሃ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚማር ሰው ቀለበቱን ሣር ውስጥ ይጥላል።

አሁን ከሁሉ በላይ የምለምንህን ልንገርህ። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ በቀዘቀዘበት የስምንቱንም ባልቦላዎች (ነዳጅና አየር የሚያስገቡትና ጭስ የሚያስወጡት የሲሊንደር በሮች ናቸው) ክፍተት ለካ። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ፋብሪካው 0.10 ሚሊሜትር ብሎ ነበር፤ ብዙዎቻችን ግን 0.15 እናደርገዋለን። ከመኪናዋ ኋላ ቆመህ ስታይ በግራ በኩል ወደ ፊት የራቀው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው። የአንተ ሞዴል የዘይት ማቀዝቀዣው ከማራገቢያው ቤት ውስጥ ስለቆመ፣ ወደ ሦስተኛው የሚሄደው ነፋስ ቀድሞ በማቀዝቀዣው ላይ አልፎ ሞቆ ይደርሳል። ፋብሪካው ራሱ ይህን አይቶ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ከመስመሩ አወጣው። ስለዚህ የሦስተኛውን የጭስ ባልቦላ ለይተህ ተመልከት። ክፍተቱ ጠብቦ ካገኘኸው አስተካክልና ለሳምንት ነድተህ እንደገና ለካ፤ ደግሞ ከጠበበ ባልቦላው እየተሳበ ነውና አትጓዝ። የተሳበ ባልቦላ አንገቱ ይበጠስና ፒስተኑን ይዞት ይጠፋል።

ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ ከሥር ካለችው ወንፊት በስተቀር ፊልትሮም የላት፤ ከመሄድህ በፊት ለውጥ። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎችና የጠርዙ ጎማ ሙሉ መሆናቸውን እይ። ሠራተኛ ሞተር ባወረደ ቁጥር «ይህ ደግሞ ምን ይሠራል» እያለ አንዱን ይጥላል፤ ያን ጊዜ ከሥር የወጣው ሙቅ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው ይገባል። የቤንዚን ቱቦዎቹን ሁሉ በአዲስ ተካ። ወደ ካርቡራቶሩ የምትገባዋ የነሐስ ጉሮሮ ላልታ እንደሆነም ነቅንቃት፤ ከወጣች ቤንዚኑ ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ይፈስሳል። የሞተሩ ቤት የማግኒዥየም ቅይጥ ነው፣ አንዴ ከያዘው በውኃ አይጠፋምና የእሳት ማጥፊያ ሳትይዝ አትንቀሳቀስ።

ስለ ቀለሙ፦ አሁን አታስቀባ። ከበሩ ሥር ያለው ሳጥን የማሞቂያው አየር የሚያልፍበት ብቻ ሳይሆን የመኪናዋ ወገብ ነው። የበሰበሰው ተቆርጦ ወጥቶ አዲስ ላሜራ ይበየድበት። ሲቆረጥ ግን የበሩ ክፍት ቦታ ከውስጥ በብረት ተደግፎ ይታሰር፣ ሁለቱም ጎን ባንድ ጊዜ አይቆረጥ፤ አለዚያ አካሏ ይረግብና በሩ አልዘጋ ይላል። ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ ያለውን የባትሪ ማስቀመጫም አንሥተህ እይ፣ አሲድ እዚያ ወለሉን ይበላዋል። ቀለም ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል።


ባለ ሰማያዊዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔ አዲስ አበባ ስለምኖር ስለ ስብሰባው የማውቀውን ልጻፍልዎ።

ቀለሟ እንዳያሳስብዎ። እዚህ የሚመጡት መኪኖች ሁሉ የሚያበሩ አይደሉም፤ ሰው የሚሰበሰበውም በሚያበሩት ዙሪያ አይደለም። ባለፈው ጊዜ ከሁሉ ይበልጥ ሰው የከበባት፣ የኋላ መስኮቷ እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነ ቮልስ ነበረች። ሞላላው መስኮት በ1953 ጀምሮ በ1957 እ.ኤ.አ. የቀረ ስለሆነ የመኪናዋ ዕድሜ ከሩቅ ይታወቃል። ቀለሟ የደበዘዘ፣ ፓራውልቷ የታጠፈ ነበር። ባለቤቷ አንድ አዛውንት ሲሆኑ፣ የኋላ ክዳኑን ከፍተው ለጠየቃቸው ሁሉ፣ ለልጆችም ጭምር፣ ሳይሰለቹ ያስረዱ ነበር።

በሰው መካከል የሚሆነውን ደግሞ ልንገርዎ። አንድ ወጣት የተሰበረ የመስኮት ማዞሪያ በመሐረብ ጠቅልሎ ይዞ መጥቶ ለአንዱም ለሌላውም ያሳይ ነበር። አንድ ሰው አየውና ምንም ሳይናገር ወደ መኪናው ሄዶ፣ የፊት ኮፈኑን ከፍቶ ከትርፍ ጎማው ሥር አንድ ቆርቆሮ አወጣ፤ ከቆርቆሮው ውስጥ ያንኑ ማዞሪያ ሰጠው። ዋጋ ሲጠይቀው «ለሌላ ሰው የሚሆን ነገር ስታገኝ ይዘህ ና» አለው። እርስዎም ሲመጡ በቤትዎ ያለውን ትርፍ ዕቃ ይዘው ይምጡ፤ የሚፈልጉትንም በወረቀት ጽፈው መስታወትዎ ላይ ይለጥፉ። ሶማሌ ተራ ሦስት ቀን ዞረው ያጡትን እዚህ በአንድ ጠዋት ሊያገኙት ይችላሉ።

ከመኪናው ይልቅ ታሪኩን ፈልጎ የሚመጣም አለ። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ መሆኑን የሚያነሣ ሰው በየስብሰባው አይጠፋም፤ ሽማግሌዎቹም ያን ቀን የት እንደነበሩ እየተቀባበሉ ይናገራሉ። ይህን መስማት ብቻውን መንገዱን ያካክሳል ባይ ነኝ።

ቀን ለመምረጥ የሚችሉ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በዓለም ዙሪያ የቮልስ ቀን ተብሎ የሚከበረው ጁን 22፣ በእኛ ሰኔ 15 ቀን ነው፤ መነሻውም ፈርዲናንድ ፖርሼ መኪናውን ለመንደፍ ውል የፈረመበት የ1934 እ.ኤ.አ. ዕለት ነው። ቀኑ ለእኛ ክረምት መግቢያ ስለሆነ ከጅማ ለሚነሣ ሰው አልመክረውም፤ ጥቅምትና ኅዳር ይሻላሉ።

የሂርማታው አባታችን ስለ ባልቦላው የጻፉትን አንብቤ ዛሬ ማታ የእኔንም ልለካ ተነሥቻለሁ። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው፤ ቤንዚን የሚጠቀም የቤት መኪና ወደ አገራችን እንዳይገባ ከተከለከለም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ነው። እንግዲህ ያሉን እነዚሁ ናቸውና አንዷም በቸልታ እንድትጠፋ አልፈልግም።


የሴይቼንቶዋ እመቤት፦

ወንድሜ፣ እኔ ከሁለቱ ወገኖች የተለየ ሐሳብ አለኝ፤ ከአክብሮት ጋር ላቅርበው።

ያለችኝ ፊያት 600 ናት። የምኖረው ወልቂጤ ስለሆነ ያን ዳገት በየሳምንቱ አየዋለሁ። ሁላችሁም ስለ ሞተሩ ነው የጻፋችሁት፤ እኔን የሚያሰጋኝ ግን ከኋላ የሚመጣው ነው። ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ከፊቱ ያለች ትንሽ መኪና ምን ያህል እንደዘገየች የሚረዳው በጣም ከቀረባት በኋላ ነው። ዳገቱ ላይ ደግሞ ትዕግሥት ያጣ አሽከርካሪ በኩርባ ላይ ይደርባል። የእነዚህ መኪኖች የኋላ መብራት ትንሽና ደብዛዛ ነው፤ ቀበቶም የሌላቸው ብዙ ናቸው። ልጆችዎን ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህን አስቀድመው ያስቡበት።

የእኔ ምክር መንገዱን መክፈል ነው። ከጅማ እስከ ወልቂጤ ያስጭኗት፤ ወልቂጤ አውርደው በወሊሶና በሰበታ በኩል እስከ አዲስ አበባ ይንዷት። በረሃው ይቀርልዎታል፣ ወደ ስብሰባውም በራሷ ኃይል ገብታ ትታያለች። የግድ ሙሉውን እነዳለሁ ካሉ፣ ከኋላዎ መብራቱን እያብለጨለጨ የሚከተል አንድ ዘመናዊ መኪና ይኑርዎ፤ ለሁለቱም መኪኖች ሦስት ማዕዘን ምልክት ይያዙ።


የሂርማታው መካኒክ፦

እህቴ የተናገረችው ትክክል ነው፤ እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ያየሁት ሞተር ስለሆነ መንገዱን ዘንግቼው ነበር። የኋላ መብራቶቹን አምፖል ብቻ ሳይሆን የውስጥ መስታወታቸውንም አጽዳ፣ የምድር ገመዳቸውንም ፈትተህ ፍቀህ እሰር፤ የደበዘዙበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የዛገ ምድር ነው።

ለመጫን ከወሰንክ ደግሞ ይህን ልብ በል፦ ገመዱ ፓራውልት ላይ አይታሰር። ከፊት በአክስሉ፣ ከኋላ በካምቢዮው ግራና ቀኝ ባሉት የአክስል ቱቦዎች ይያዝ። ፓራውልት ላይ ታስራ መጥታ ፓራውልቷን በእጃቸው ይዘው የመጡልኝ ሰዎች አሉ። ማርሽ ውስጥ አስገብተህ ጎማዎቹን በእንጨት አግዳቸው።


ቡና አበጣሪው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነው።

አባታችን እንዳሉት እሁድ ጠዋት፣ ቁርስ ሳልበላ፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ክዳኖቹን ፈትቼ ለካሁ። ሰባቱ ባልቦላዎች ትንሽ ከመስፋትና ከመጥበብ በቀር ደህና ነበሩ። የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ባልቦላ ግን በጣም ቀጭኗን የመለኪያ ቅጠል እንኳ አላስገባ አለ። 0.15 ላይ አስተካክዬ ስምንት ቀን ነዳሁ፤ ትምህርት ቤት፣ ማበጠሪያ፣ አንድ ጊዜም አጋሮ። እንደገና ስለካው ያችው ቅጠል በግድ ነው የገባችው። ድምፁም፣ ኃይሉም፣ አነሳሱም ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረውም፤ ባልለካው ኖሮ በደስታ ተነሥቼ ወደ ጊቤ እወርድ ነበር።

ሞተሩን አውርደን የግራውን ቴስታታ፣ ማለትም በሲሊንደሮቹ ራስ ላይ የሚገጠመውን ብረት፣ ስንፈታ ባልቦላው ከራሱ በላይ አንገቱ ላይ ቀጥኖ ተገኘ፤ በጣቴ ስዳስሰው ጎድጎድ ያለው ይሰማኛል። ቴስታታው ራሱ በባልቦላው መቀመጫና በካንዴላው ቀዳዳ መካከል ተሰንጥቋል። ቶርኖ ቤት ወስጄ ሳሳየው ባልቦላውን መቀየር እንደሚቻል፣ ስንጥቁ ግን ለረጅም መንገድ እንደማይታመን ነገሩኝ። ባልቦላውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ትልቁ ልጄ ዕለት ዕለት እያነሣ ያየዋል።

መኪናዋ ከቆመች አይቀር የግራውን ሳጥን በሩን ደግፈን አስቆርጠናል፤ አዲሱ ላሜራ ተበይዶ ቀይ አንቲሩጂን ተቀብቷል። በቀኝ በኩል የምንጀምረው ግራው ካለቀ በኋላ ነው። ከባትሪው ሥርም ወለሉ እንደ ወንፊት ተበስቶ አገኘሁት፤ እሱም ተለጥፏል።

ስለዚህ ወደዚህኛው ስብሰባ አልነዳም፣ አላስጭንምም፤ እንደ አምናው በአውቶቡስ እመጣለሁ። ባለ ሰማያዊዋ እንደመከሩኝ ትርፍ ዕቃ ይዤ እመጣለሁ፦ ከአባቴ ሣጥን ያገኘኋቸው ሁለት አዳዲስ ቺንጊያዎች፣ አንድ ቦቢናና አንድ ጥንድ የፍሬቻ ሽፋን አሉ። የምፈልገው ደግሞ ያልተሰነጠቀ የ1300 የግራ ወይም የቀኝ ቴስታታ ነው። ያለው ሰው ካለ እባካችሁ እዚሁ ይጻፍልኝ፤ መጥቼ በዓይኔ አይቼ እወስዳለሁ። እመቤት፣ በሚቀጥለው ጥቅምት ወልቂጤ ላይ ከኋላዬ መብራት እያብለጨለጨ የሚከተለኝ መኪና ካገኙልኝ፣ የጅማ ቡና ይዤ እደርሳለሁ።